ምድጃው ተሸጠ፤ መለዋወጫውስ?

በሁምቦ ተራራ ላይ ካርቦን ይሸጣል፣ በማዕድ ቤት ውስጥ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱ መካከል ያልተነካ ገበያ አለ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ማገዶው ግን አይሠራም። በሦስት ድንጋይ ጉልቻ ፋንታ በደንብ የተሠራ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲገባ የእንጨቱ ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ከታወቀ 30 ዓመት አልፏል። ችግሩ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ምድጃው ይገዛል፤ የተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያ ውስጡ ይሰነጠቅና ጥግ ይይዛል። ጉልቻው ወደ ቦታው ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የምድጃው ማርጀት አይደለም። አንዲት ሸክላ ተሰብራ ምትኳ ስለጠፋ ነው።

ይህች ሸክላ ለነጋዴው ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማየት የወላይታ ዞኑ ሁምቦ ወረዳ ጥሩ መነሻ ነው።

ተራራው ያተረፈውን ማዕድ ቤቱ እንዳይበላው

ሁምቦ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። የወረዳው ዋና ከተማ ጠበላ ነው። ቆላማው ክፍል ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። ከመንገዱ በላይ የሚታዩት ተራሮች ለረጅም ዘመን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲያገለግሉ ኖረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። ዘዴው ርካሽ ነበር። ችግኝ ገዝቶ ከመትከል ይልቅ መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረውን ጉቶና ሥር እንዲያቆጠቁጥ መተው፣ ደካማውን ቅርንጫፍ መግረዝና ጠንካራውን ማሳደግ ነው። ደኑን የሚያስተዳድሩት 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

ሁምቦን በዓለም ገበያ ያስጠራው ግን ከዚህ የተገኘው ሰነድ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ውስጥ ተመዘገበ። በአፍሪካ ደረጃ በደን ዘርፍ ቀዳሚ ከሆኑት ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን ያህል ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመት 73,339 የካርቦን ሰነዶች ወጡለት። ሰነዶቹ ደግሞ «ጊዜያዊ» የሚባሉት ዓይነት ነበሩ። ይኸውም ደኑ መቆሙ በየጊዜው ካልተረጋገጠ ዋጋ የማይኖራቸው ማለት ነው።

ነጋዴ ይህን ቃል ሲሰማ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። የተሸጠው እንጨቱ አይደለም፤ የተሸጠው እንጨቱ አለመቆረጡ ነው። እንጨቱ እንዳይቆረጥ ጥበቃ መቅጠርና መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት ያግዛል። የደኑ የዘወትር ደንበኛ ግን ከተራራው ሥር ያለው ማዕድ ቤት ነው። ከክልሉ የሚገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ ይውላል። ምድጃው ከቆጠበ ያ ቅርንጫፍ ሊበቃ ይችላል። ምድጃው ተሰብሮ ጉልቻው ከተመለሰ ግን የጎደለው እንጨት ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት።

በወላይታ ገጠር ማዕድ ቤት ደግሞ ሥራው የድስት ሥራ ነው። ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ ቦሎቄና በቆሎ ረዥም ሰዓት ይቀቀላሉ። ቆጮም የራሱ እሳት አለው። የሶዶ ከተማ ቤት ግን እንጀራውንም ይጋግራል። ስለዚህ በአንድ ወረዳና በአጠገቡ ባለው ከተማ የሚሰበረው የምድጃ ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም። መለዋወጫ ሊነግድ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው።

የሚያረጀው የትኛው ክፍል ነው?

በአገራችን ገበያ በስፋት የታወቁት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዋ ላቀች ናት። በኬንያው ጂኮ አርአያ ለከሰል የተዘጋጀች ናት። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከአዲስ አበባ ገበያ ተነሥታ በየከተማው ተዛምታለች። ውጪዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ የተተኮሰ ሸክላ ነው። በላቀች ላይ ቀድሞ የሚሄደው የፍሙ ማረፊያ የሆነው ወንፊት ነው። ቀዳዳዎቹ በእሳትና በመቆስቆሻ ብዛት ይሰፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሸክላ ይሰበራል፤ ፍሙ ሳይነድ ወደ አመዱ ይወርዳል። የቤቱ እመቤት ከሰሉ «አልበረክት» ያላት በከሰሉ መጥፎነት ይመስላታል። ሌባው ግን ወንፊቱ ነው።

ሁለተኛው ምርጥ ምድጃ ነው። ለእንጀራ የተሠራ ሲሆን ግድግዳው ከፑሚስ ወይም ከቀይ አሸዋና ከሲሚንቶ ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ የሚቀረጽ ነው። በቁርጥራጭ ተሠርቶ ቤት ውስጥ ይገጣጠማል፤ ከኋላው ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት የሚጣድበት ማስቀመጫ አለው። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመኑ ጂቲዜድ፣ ማለትም የዛሬው ጂአይዜድ፣ በየከተማው ትንንሽ አምራቾችን እያሠለጠነ አስፋፍቶታል። በምርጥ ላይ የሚላላው መጋጠሚያው ነው። ቁርጥራጮቹ በተያያዙበት ስፌት ጭሱና ሙቀቱ ያመልጣል። የእንጨት ማስገቢያው አፍም ግንድ እየተገፋበት ጠርዙ ይፈረካከሳል። ድስት ማስቀመጫው ደግሞ ከክብደት ብዛት ይሰበራል።

ሦስተኛው ትክክል የሚባለው ነው። ለድስት የተዘጋጀ የእንጨት ምድጃ ሲሆን ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ ነው። እንጨቱ በታች በጎን ይገባል፤ ነበልባሉ በጠባብ ጉሮሮ ሽቅብ ይወጣል። ቁጠባው ያለው በዚያ ጉሮሮ ውስጥ ነው። እሳቱ ተሰብስቦ ስለሚግል ጭሱ ራሱ ይቃጠላል። ለሁምቦ ገጠር የድስት ሥራ የሚቀርበው ይህኛው ዓይነት ነው። በቀላሉ የሚጎዳውም ጉሮሮው ነው።

ጉሮሮው የሚሰነጠቅበት ምክንያት ደግሞ ምሥጢር አይደለም። በጋለ ሸክላ ላይ ድስት ገንፍሎ ውኃ ይፈስበታል፤ እሳት ለማጥፋት ውኃ ይረጭበታል፤ ያልተፈለጠ ግንድ በግድ ይገፋበታል፤ ትልቅ ድስት ተጥዶ በኃይል ይማሰልበታል። ሌላው ምክንያት ገና ከአምራቹ እጅ ይጀምራል። በደንብ ሳይደርቅ የተተኮሰ ወይም ለብ ብሎ ብቻ የወጣ ሸክላ ዕድሜ የለውም።

ይጠገናል ወይስ ይጣላል?

ሸክላ ገዢ እናቶች ገበያ ላይ ማሰሮውን በጣት መትተው ድምፁን የሚያዳምጡት በከንቱ አይደለም። ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ ተሰንጥቋል። ይኸው ፈተና ለምድጃ ውስጠኛ ሸክላም ይሠራል። ምድጃው ከቀዘቀዘና አመዱ ከተጠረገ በኋላ ሸክላውን ዙሪያውን ማንኳኳት ነው። አንድ ቀጭን ቁልቁል ስንጥቅ ካለና ሸክላው ከቦታው ካልተናጋ ይጠገናል። ስንጥቁ ተሻግሮ ከተቆራረጠ፣ ወለሉ ከወረደ ወይም ግድግዳው እየተላጠ ከሳሳ መለወጥ ይሻላል።

ለቀጭን ስንጥቅ የሚያስፈልገው ዕቃ በየመንደሩ አለ። የሸክላ አፈርና የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ የተነፋ ዱቄት በውኃ ይለወሳሉ። ዱቄቱ አፈሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ስንጥቁ ከአመድና ከጥላሸት ይጸዳል፤ አሮጌው ሸክላ በውኃ ይርሳል፤ ካልራሰ አዲሱን ጭቃ ውኃውን መጥጦ ያረግፈዋል። ከዚያ ጭቃው በጣት ተገፍቶ ይሞላል፤ በጥላ ቀናት ይደርቃል፤ የመጀመሪያው እሳት ጭራሮ ብቻ ይሆናል። ያን ዕለት ግንድ የከተተበት ሰው ድካሙን ያቃጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሲሚንቶ ነው። «ሲሚንቶ ይጠነክራል» ተብሎ የእሳቱ ቤት በተራ ሲሚንቶና አሸዋ ይለሰናል። ተራ ሲሚንቶ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያያዘው ውኃ እየለቀቀ ጥንካሬውን ያጣል። በኋላ ድስት ገንፍሎ ሲረጥብ ያብጥና ይፈረካከሳል። ምርጥ ምድጃ ሲሚንቶ እያለበት የሚቆየው ፑሚስና ቀይ አሸዋ ቀላልና አየር ያዘሉ በመሆናቸው፣ የሙቀቱንም ለውጥ ስለሚችሉ ነው። የምርጥን መጋጠሚያ ለመድፈን በቤቱ የሚሠራ የጭቃ ልስን ይበቃል። ሲሰነጠቅም በደቂቃ ይታደሳል።

መለወጥ ያለበትን ውስጠኛ ሸክላ በትክክል መግጠም ግን ልክ ይፈልጋል። አሮጌው በመሮ ተፈርክሶ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ከውስጥ ይጠረጋል፤ ዝገት የበላው ካለ ይቆረጣል። አዲሱ ሸክላ ቆርቆሮውን ተጣብቆ መግባት የለበትም። ሸክላም ብረትም በሙቀት ይለጠጣሉ፤ እኩል ግን አይለጠጡም። በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት በአመድና በሸክላ አፈር ድብልቅ ይሞላል። አመዱ ሙቀት ስለማያሳልፍ ለቁጠባውም ይጠቅማል። ድስቱ የሚያርፍባቸው ጉብታዎች ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ከፍ ማለት አለባቸው። ድስቱ ጠርዙ ላይ ከተደፋ ጭሱ መውጫ ያጣል፤ በጣም ከተነሣ ሙቀቱ በጎን ይሄዳል።

የላቀች ወንፊት ሲሰበር ደግሞ ሸክላው ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ ድረስ ከቁርጥራጭ ፌሮ የተበየደ ክብ ወንፊት ማስቀመጥ ይቻላል። ፌሮው በፍም ውስጥ እየተላጠ ይሳሳል እንጂ በአንድ ቀን አይሰበርም። ሥራው ለማንኛውም መንደር በያጅ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሽቦ የሚሸጥለት ምጣድ

ጥያቄው ይህ ነው። ጥገናው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሥራ አልሆነም?

መልሱን ለማግኘት በዚያው ከተማ ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ማየት ነው። ምጣዱ ተቃጠለ ተብሎ የሚጥለው የለም። ሽቦው ሲበጠስ ሽቦ ይገዛል፤ ሸክላው ሲሰበር ሸክላው ይለወጣል፤ ማብሪያው ሲቃጠል ማብሪያው ይቀየራል። ጥገናውን የሚሠሩ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ። መርካቶ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ዕቃ በየሱቁ ይሸጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድን ያስፋፋው የመብራቱ መግባት ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ የሚጠገን መሆኑም ጭምር ነው።

የእንጨት ምድጃው ግን በአብዛኛው እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ ይሸጣል። ውስጠኛ ሸክላው ለብቻው ተሠርቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። የላቀች እናት የሆነችው የኬንያው ጂኮ አሠራር ከዚህ ይለያል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸክላውን የሚሠሩት አንድ ወገን፣ ቆርቆሮውን በናይሮቢ ሻውሪ ሞዮ ገበያ የሚቀጠቅጡት ሌላ ወገን ነበሩ። ሸክላው ራሱን ችሎ የሚገዛና የሚሸጥ ሸቀጥ በመሆኑ ያረጀው ሲወጣ አዲሱ የሚገባበት መንገድ ተከፍቷል። በቀዝቃዛ አገሮችም የብረት ምድጃ ሻጭ ጡቡን፣ ወንፊቱንና የበሩን መድፈኛ ገመድ ለየብቻ ይሸጣል፤ ከምድጃው ሽያጭ በኋላ ደንበኛውን ለዓመታት የሚያቆየውም ይኸው ነው።

የእኛም አገር ዕቅድ ቢሆን ቆጠራውን የጀመረው ከሥርጭቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን ምድጃ ለማዳረስ ግብ ጥሎ ነበር። የሥርጭት ቁጥር ምን ያህሉ ምድጃ ተሰብሮ ጥግ እንደያዘ አይናገርም። ያን የሚያውቀው ማዕድ ቤቱ ነው።

ስሌቱ በእስር

የእንጨት ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ስሌቱን በብር ሳይሆን በእስር መሥራት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል በጉልቻ በወር 10 እስር የሚያነድ ቤት በጤነኛ ምድጃ 6 እስር ይበቃዋል እንበል። ውስጡ ተሰብሮ ወደ ጉልቻ ከተመለሰ በየወሩ 4 እስር ይከስራል። አንድ ውስጠኛ ሸክላ ከነመግጠሚያው የ4 እስር ዋጋ ቢያስወጣ በአንድ ወር ራሱን ይመልሳል ማለት ነው። የ8 እስር ዋጋ ቢሆንም ሁለት ወር ነው። በሌላ ንግድ እንዲህ ያለ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከነጋዴው ወገን ስንመጣ፣ እንዲሁ ለምሳሌ በአንድ ወረዳ 1,000 ተመሳሳይ ምድጃ ቢኖርና ሸክላው በአማካይ 2 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 500፣ በወር ደግሞ 40 ያህል ሸክላ ይፈለጋል። ከማመላለሻ ስብራት አሥር በመቶ ቢታሰብ ለ40 ሽያጭ 45 መጫን ነው። ይህ ባለ ፎቅ አያደርግም። ለአንድ የቆርቆሮ ሠሪ ወይም የግንባታ ዕቃ ሱቅ ግን ቋሚ ተጨማሪ ገቢ ነው፤ ዋና ገንዘብ ብዙ አይፈልግም፤ ዕቃውም አይበላሽም።

አደጋውም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው የልክ ጉዳይ ነው። አምራቹ ሁሉ በገዛ እጁ ልክ ከሠራ የአንዱ ሸክላ ለሌላው ቆርቆሮ አይገባም። ስለዚህ መለዋወጫ የሚነግድ ሰው በአካባቢው በብዛት የተሸጠውን ምድጃ መርጦ የዚያኑ ቅርጽ ማውጫ መያዝ አለበት። ሁለተኛው የትራንስፖርት ነው። ሸክላ በጭድ ወይም በደረቅ የእንሰት ቅጠል ካልተጠቀለለ ከሶዶ ጠበላ ሳይደርስ ግማሹ ሊያልቅ ይችላል። ከሩቅ ከተማ ከማስጫን እዚያው ማሠራት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ነፃ እደላ ነው። አንድ ድርጅት ነገ መጥቶ አዲስ ምድጃ በነፃ ከሰጠ የዛሬው መለዋወጫ ይቀመጣል።

እዚያው የሚሠራው ማን ነው?

ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ከወላይታ ውጪ የሚፈለጉ አይደሉም። ሸክላ ሠሪዎች በወላይታም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ለዘመናት ከነሙያቸው ዝቅ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ማሰሮው በየቤቱ እየተፈለገ ሠሪዋ ከማኅበራዊ ኑሮው ትገለል ነበር። በፕላስቲክና በአሉሚኒየም ዕቃ መምጣት ደግሞ ገበያዋ ጠበበ። የምድጃ ውስጠኛ ሸክላ አሉሚኒየም ሊተካው የማይችል ዕቃ ነው። እሳት የሚችል አፈር የትኛው እንደሆነ፣ ምን ያህል ደረቅ ዱቄት እንደሚደባለቅበት፣ መቼ ለመተኮስ እንደሚደርስ የምታውቀው እሷ ናት። የሚጎድላት ቋሚ ቅርጽ ማውጫ፣ በእኩል የሚተኩስ ምድጃና በቁጥር አዝዞ በሰዓቱ የሚከፍል ገዢ ነው። ሦስቱም ነጋዴ ሊያቀርባቸው የሚችሉ ናቸው።

ቆርቆሮውን በተመለከተ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ቆራሌው የሰበሰበው በርሜልና ቁርጥራጭ ላሜራ እዚያ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ከአሮጌ በርሜል የተሠራ ወፍራም ቆርቆሮ ከስስ ቆርቆሮ ይበልጥ ዝገት ይችላል። ገዢው ለቆርቆሮው አንድ ጊዜ ጥሩ ዋጋ ከፍሎ ሸክላውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢለውጥ ያዋጣዋል።

የካርቦኑ ገዢ የሚጠይቀው

ነገሩን ከመንደር ንግድ በላይ የሚያደርገው የካርቦን ገበያው ነው። ምድጃ አሠራጭተው የካርቦን ሰነድ የሚሸጡ ፕሮጀክቶች የሚከፈላቸው በተሰጠው ምድጃ ልክ ሳይሆን በሥራ ላይ ባለው ልክ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኔቸር ሰስቴነቢሊቲ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከሚገባቸው ከ9 ጊዜ በላይ ሰነድ እንዳገኙ ገልጿል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዉ ምድጃውን እንደሚጠቀምበት የተነገረውና እውነተኛው አጠቃቀም አለመገናኘታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ገዢው ጠንቃቃ ሆኗል፤ «ስንት ሰጣችሁ?» ከማለት ይልቅ «ስንቱ ይነዳል?» ይላል።

እዚህ ላይ የተሰነጠቀችው ሸክላ በዶላር መቆጠር ትጀምራለች። ከ1,000 ምድጃ 600ው ብቻ ሲሠራ የሚሸጠው ካርቦን የ600 ነው። በርካሽ ሸክላ 200ውን ወደ ሥራ መመለስ ከሌላ ወረዳ 200 አዲስ ደንበኛ ከመፈለግ ይቀላል። ስለዚህ ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ጋር ውል የሚፈጽም ባለሀብት ወይም ደላላ፣ የመለዋወጫና የጥገና አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲገባ ቢጠይቅ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጤና አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ስፌቱ የላላ ምርጥ ምድጃና ጉሮሮው የተሰነጠቀ ትክክል ጭሱን ቤት ውስጥ ይለቁታል። የሚተነፍሱት ደግሞ ከእሳቱ አጠገብ የሚውሉት እናትና ሕፃን ናቸው።

የሕዳሴው ግድብ በሴፕቴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። የመብራት ተስፋው ሲሰፋ የእንጨት ምድጃ ጊዜው አልፎበታል የሚል ነጋዴ ሊኖር ይችላል። ሽቦ ዘርግቶ ቆጣሪ ማስገባትና በየገጠሩ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ግን በአንድ ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እስከዚያው ምግቡ በእንጨት ይበስላል።

ዛሬ ምድጃ ለሚሸጥም ሆነ ለሚገዛ የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ውስጠኛው ሸክላ ለብቻው ይገኛል ወይ? ልኩ ከሌላው አምራች ልክ ጋር ይገጥማል ወይ? የሚገጥመው ሰው በቅርብ አለ ወይ? ሦስቱንም «አዎ» ብሎ የሚመልስ ሱቅ በሶዶና በጠበላ መካከል ቀድሞ የከፈተ ሰው ተወዳዳሪ እስኪመጣበት ድረስ ጥቂት ዓመት ይኖረዋል።